አንድ እሑድ በአቃቂ

አዲስ አበባን በአንድ ቀን ልጎብኝ ያለ ሰው እንጦጦ ይወጣል፤ ብሔራዊ ሙዚየም ይገባል፤ ፒያሳ ማኪያቶ ይጠጣል። እኛ አራት ጓደኛሞች ግን ባለፈው እሑድ ቁልቁል ወረድን። ምክንያት አለን። ከመካከላችን አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰፈርህ የት ነው?» ስንለው «ሳሪስ» ይለን ነበር። ለካስ የአቃቂ ልጅ ነው! «ምነው ደበቅኸን?» ብንለው፣ «ኑና እዩት» አለ፤ በቃ።

ከስታዲየም የተሳፈርንበት ቀላል ባቡር ቃሊቲ ላይ አራገፈን። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር አቃቂ አይዘልቅም። ነገሩ ያስገርማል፤ የጂቡቲው አሮጌ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አቃቂን አልፎ ነበርና። የቀረውን መንገድ በታክሲ ሄድን። ጓደኛችን አንድ የፋብሪካ አጥር እያሳየን፣ «አባቴ ሌሊት ፈረቃ የሚገባው እዚህ ነበር» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ቀልዳችን ሁሉ ቆመ። ውሃው ጠቁሯል፤ ሽታው ይሰነፍጣል። የከተማው ጉድፍ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወርዶ፣ ጣሊያን በገደበው አባ ሳሙኤል ይጠራቀማል። ከዚያ ግድብ የመነጨ መብራት አንድ ዘመን አዲስ አበባን ያበራ ነበር። ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉም ዛሬ የሚቀዳው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ንጹሑን ሰጥቶ ቆሻሻውን መቀበል፤ ይህ እንግዲህ የአቃቂ ዕጣ ነው። በወንዙ ዳር ደግሞ በዚያው ጥቁር ውሃ የሚጠጣ ጎመን ለምልሟል።

ምሳ እናቱ ቤት ነበር። መሶቡ ሲከፈት ጎመን! እጃችን አየር ላይ ቀረ። ጓደኛችን አንገቱን ደፋ። እናቱ ግን ገብቷቸው ኖሮ ሳቅ አሉ፦

«ብሉ እንጂ ልጆቼ! ይሄ የጓሮዬ ነው። የወንዙማ እናንተው ዘንድ ነው በመኪና የሚሄደው።»

በላን። ሁለት ዓመት በሰፈሩ ያፈረው እሱ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ያፈርነው እኛ ነን። የላይኛው ሰው የጣለው ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በጎመን ተመስሎ ገበታው ላይ ይመለስለታል።

ሰኞ ጠዋት ዶርም ውስጥ አንዱ «ትናንት የት ጠፋችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እኛ ዝም አልን። ጓደኛችን መለሰ፦

«አቃቂ። እኛ ቤት።»