«የኋለኛው ደብዳቤ»

ከአፍ የወጣ ቃል እንደማይመለስ አባቶቻችን አስተምረውናል። በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ባሕር የተሻገረ ቃል ግን ከዚህ ይልቅ ለመመለስ የሚያስቸግር መሆኑን በገዛ ስሕተታችን ተምረናልና፤ ለቤተ ሰቦቻችሁ ትምህርት ይሆን ዘንድ እንነግራችኋለን።

ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት፤ መኖሪያችንም ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ፤ ከቦሌ አጠገብ በገርጂ ነው። በልጅነታችን ግዕዙን ከቤተ ክህነት፤ እንግሊዝኛውን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርን፤ ጎረቤቶቻችን በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ነገር በገጠማቸው ጊዜ ወደ እኛ ይመጣሉ።

አንዲት አረጋዊት እመቤት በእንግሊዝ አገር ለተወለደችው፤ አማርኛ ማንበብ ለማትችለው የልጅ ልጃቸው እንድንጽፍላቸው ለመኑን። ካዘዙንም ቃል አንዱ «ይህ የኋለኛው ደብዳቤዬ ከፊተኞቹ ሁሉ ቢረዝም አይሰልችሽ» የሚል ነበር። በግዕዝ «ደኃሪ» የሚለው ቃል ከሌላው በኋላ የመጣውንም፤ ከሁሉ በመጨረሻ የቆመውንም ያመለክታል። እኛም እንግሊዝኛው እንደዚሁ መስሎን፤ «ሌተስት» ማለት ሲገባን «ላስት» ብለን ጻፍን።

ልጂቱም አያቴ ልትሞት ነው ብላ፤ የዓመቱን ፈተና ትታ መጥታ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወረደች። አያቲቱ በደጃቸው ባዩዋት ጊዜ እልል አሉ፤ ፈተናው እንዳመለጣት በሰሙ ጊዜ ግን አለቀሱ። ደብዳቤውን አስመጥተን ብናየው ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። እግራቸው ላይ ወድቀን ይቅርታ ብንለምን «ልጄ፤ የልጅ ልጄን ዓይን ስላሳየኸኝ አልቀየምህም፤ ለቀረባት ፈተና ግን አንተው ካሳት» አሉን። እኛም ጥፋታችንን ለትምህርት ቤቷ በጽሑፍ ገለጽን፤ በሌላ ጊዜ እንድትፈተንም ተፈቀደላት።

የቃላቱ ልዩነት እንዲህ ነው። «ሌተስት» እስከ ዛሬ ከመጡት ሁሉ የቅርቡ ነው፤ ነገ ሌላ ሊከተለው ይችላል። «ላስት» ግን ተራውን ይዘጋል፤ ይሁን እንጂ «ላስት ዊክ» ሲባል ያለፈው ሳምንት ማለት ነው። ስለዚህ ጸሐፊ «ከዚህ በኋላ ሌላ ይመጣልን?» ብሎ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። እንደዚሁም «ኤልደስት» በአንድ ቤት ከተወለዱት ልጆች ታላቁን ሲያመለክት፤ «ኦልደስት» ለሰውም ለዛፍም ለቤትም፤ በዕድሜ ለሚበልጠው ሁሉ ይነገራል። አማርኛችን «ከሁሉ» እያለ ስለሚያበላልጥ፤ ይህን ልዩነት አስቀድሞ አያስጠነቅቀንም።

በመንግሥታትም መካከል የቃል መለያየት ምን እንዳመጣ ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል፤ በ17ኛው ክፍል፤ የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ተጻፈ። ያ ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት እስከ መድረስ ሄደ።

ዛሬ ሕጎቻችን እንዲህ ላለው ጥርጥር መድኃኒት አላቸው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጓል። የአያት ደብዳቤ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም፤ ልጂቱም የአማርኛውን ቃል ልትመረምር አትችልም። ስለዚህ ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ በጻፍን ቁጥር፤ ከማሸጋችን በፊት ወደ አማርኛ መልሰን ለባለ ጉዳዩ እናነብለታለን። እናንተም ለሌላ ሰው ስትጽፉ እንዲሁ እንድታደርጉ እንመክራለን።