ያ ዝንጅብል ከረሜላ ሆነ!

ልጅ ሳለን ሰበታ ውስጥ ዝንጅብል የሚወድ ልጅ አልነበረም። ክረምት ገብቶ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ አንዳችን ካስነጠስን አለቀልን! እናታችን ጓዳ ገብታ የሙቀጫውን ድምፅ ታሰማን ነበር። ዝንጅብሉ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ፣ ማር ከተገኘ በማር፣ ካልተገኘም በጨው ተለውሶ ይመጣል። «ዋጠው፣ ጉንፋኑን ይነቅልልሃል!» ዓይናችንን ጨፍነን እንውጣለን። የተረፈው ሻይ ውስጥ ይገባል፤ የደረቀው ደግሞ ከበርበሬው ጋር ይፈጫል። ከዚህ ያለፈ ሥራ ያለው አይመስለንም ነበር።

የሚጣፍጠው ሌላ ነበር። ደስታ ከረሜላ! ወረቀቱን እንኳ አንጥልም፤ አለስልሰን ደብተር ውስጥ እናስቀምጠው ነበር። ስኳሩ ራሱ ክብር ነበረው። የወንጂ ፋብሪካ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ቢያመርትም፣ በእኛ ልጅነት፣ በደርግ ጊዜ፣ ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው፤ ቤተሰቡ ተቆጥሮ፣ ወረፋ ተይዞ። አንድ ኪሎ ስኳር ድስት ውስጥ ገልብጦ ከዝንጅብል ጋር ማብሰል? እናቴ ብትሰማ ጸበል ትወስደን ነበር!

ዛሬ ግን እናቴ ራሷ ናት ዝንጅብሉን የምትፍቀው።

ነገሩን የጀመረችው ቡራዩ ያለችው አክስቴ ናት። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በቆርቆሮ የታሸገ፣ ስኳር የለበሰ ነገር ሰጣት። አንዷን አፏ ውስጥ አድርጋ ዝም አለች፤ ቀጥላም ጮኸች፦ «ይኼማ የእኛው ዝንጅብል አይደለም እንዴ!» እሱው ነበር። ከዚያ ወዲያ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ድስት ይጣዳል። ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ አያቴ ካለችበት ከሱሉልታ እንጦጦን ወርደን በአዲሱ ገበያ አድርገን፣ ስኳሩንና ዝንጅብሉን ይዘን እንገናኛለን። ሦስቱ ከተሞቻችን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ አክስቴ «እኛማ ቀድመናል» ብላ ሳቀች።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ስናገረው እንኳ አፌን ምራቅ ይሞላዋል። እርጥብ፣ ያልተጨማደደ ዝንጅብል ምረጡ። ልጣጩን በቢላ አትቁረጡት፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ፋቁት፤ ሥጋው አይባክንም። የአገራችን ዝንጅብል ጭረቱ ብዙ ነውና ከጭረቱ በተቃራኒ፣ በስሱ ክተፉት። በውሃ ቀቅሉት። እዚህ ላይ የእኛ ከተሞች ከፍታ ይመጣል! ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 አካባቢ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር በግማሽ ሰዓት የሚለሰልሰው ዝንጅብል አያቴ ቤት ሰዓት ይፈጃል፤ ሽሮፑንም የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደሚለው 106 ዲግሪ እስኪደርስ ካቆያችሁት ከሚፈለገው በላይ ይደርቃል። 97 ገደማ ይበቃል። ያ ረጅም ሰዓት ደግሞ የጨዋታ ሰዓት ነው! አያቴ፣ እማማ፣ የወጣትነቷን የሱሉልታ ድርቆሽና የወተት ጣሳ ታወራለች፤ ሙቀጫ የሚፈሩት የዱሮ ልጆች ዛሬ ማማሰያ ይሻማሉ።

የተቀቀለውን አጥልሉ፤ ውሃውን ግን አትድፉት፣ ለሻይ ይሆናል። ዝንጅብሉን መዝኑና በክብደቱ ልክ ስኳር፣ ከመቀቀያው ውሃም ጥቂት ጨምሩበት፤ በዝግታ ይብሰል። ሽሮፑ ይወፍራል፣ አረፋው ይከብዳል። አሁን ማማሰያውን እንዳታቆሙ! ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ስኳሩ ሟሙቶ የሚቆይበት ቦታ ያጣና በድንገት ይነጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ስኳር ለብሶ ከጓደኛው ይለያያል። ልጆቹ የሚጮኹት ያኔ ነው። እኔም እጮኻለሁ። ትሪ ላይ ተበትኖ ሲደርቅ ክዳኑ በሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል፤ እኛ ቤት ግን ሳምንት አይደርስም።

ሌላው ደስታዬ ጾም አለማስፈታቱ ነው። ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ዱሮ ሁዳዴ ሲገባ የሱሉልታ ወተት ይቀርና ከቆሎና ከዳቦ በቀር ለቡና የሚቀርብ አልነበረንም። ዛሬ ቡናው ሲቀዳ የዝንጅብል ከረሜላው በሣህን ይዞራል። አያቴ አንዱን ትይዝና «ይኼ ሆድም ያስተካክላል» ትላለች፤ መድኃኒትነቱን ፈጽሞ አልተወችለትም።

ይህ ዝንጅብል የሚመጣልን ከወላይታው ቦሎሶ ቦምቤና ከሀዳሮ ጡንጦ አካባቢ ነው። በ2004 ዓ.ም. የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የደቡቡን ማሳ ሲመታው ገበሬው ብዙ አጥቷል፤ በሽታው አፈርና የተበከለ ዘር ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ንጹሕ ዘር ማግኘት ትልቁ ጭንቀት ሆነ። መርካቶ ላይ የረከሰ ዝንጅብል ሳይ ደስ የሚለኝ ለድስታችን ብቻ አይደለም፤ ማሳው አገገመ ማለት ነው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስኳሩ ከመንጣቱ በፊት ከሽሮፑ በጭልፋ ቀንሳችሁ አስቀሩ። ቡራዩ የአምቦ መንገድ ላይ አይደለች? አክስቴ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ብርጭቆ ላይ ሁለት ማንኪያ ሽሮፕ ጠብ ታደርግበታለች፤ አረፋው ተንደቅድቆ ይወጣል፣ አፍንጫችንን ያሳክከናል፣ ሎሚ ያለው ሎሚ ይጨምቃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የእናቴ ነው፤ ሁለት ኪሎ ዝንጅብል ገዝታ ጨርሳለች!