ብሬከሩ ያላየው

ቡራዩ፣ ከታ አካባቢ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ዕቃ ኒኬል የምንነክርበት የቆርቆሮ ሼድ ነበረ። ያኔ ሸገር ከተማ የሚባል ነገር የለም፤ ቡራዩ በራሷ ስም ትጠራ ነበር። የባጃጅ ዕቃ፣ የቧንቧ ራስ፣ የአልጋ ጌጥ ይመጣልናል። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ጸናጽልና የመቋሚያ ራስ በጆንያ ይከመራል። እኔን መብራት የያዘኝ በዚያ የጥድፊያ ሰሞን ነው።

አስቀድሜ ስለ ገንዳው ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ገንዳው ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ውስጡ የኒኬል ሰልፌት፣ የኒኬል ክሎራይድና የቦሪክ አሲድ ድብልቅ አለ፤ ጥርት ያለ አረንጓዴ ፈሳሽ ነው፣ እኛ "ውሃው" ነው የምንለው። ውሃው ደህና አድርጎ የሚነክረው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። የጥርን ሌሊት ቡራዩ ያደረ ሰው ደግሞ ብርዱን ያውቀዋል። ጠዋት ስንገባ ገንዳው ቀዝቅዞ፣ ቦሪክ አሲዱ ከውሃው ተለይቶ ታች እንደ ጨው ተኝቶ ይጠብቀናል። ስለዚህ ያለ ማሞቂያ ሥራ የለም።

የእኛ ማሞቂያ ከመርካቶ የተገዛ የውሃ ቦይለር ረዚስታንስ ነበር። 3 ኪሎዋት፣ ሽፋኑ ስቴንለስ። ለመታጠቢያ ውሃ ምንም አይወጣለትም። ክሎራይድ ባለበት ሙቅ ፈሳሽ ውስጥ ሲከርም ግን ስቴንለስም ይበላል፤ የሚበላውም ገጹ ሁሉ እየሳሳ ሳይሆን እዚህም እዚያም በመርፌ የተወጋ ያህል እየተበሳ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ የታችኛው ጫፉ እዚያ በተኛው ጨው ውስጥ ተቀብሯል። የተቀበረው ቦታ ሙቀቱን የሚረከበው ፈሳሽ ስለማያገኝ ከልክ በላይ ይግላል፣ መበሳቱም ይፋጠናል። ይህን ሁሉ ከላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። የሚታየው አረንጓዴው ውሃ ብቻ ነው።

ምልክቱ ግን ነበር። ዕቃ ስንሰቅል ጣታችንን ነዘር ያደርገናል። አንዱ "ትንሽ ንዝረት ደም ያንቀሳቅሳል" እያለ ያስቀን ነበር። ሁላችንም ንዝረቱን ያሳበብነው በሬክቲፋየሩ ነው። ሬክቲፋየሩ ለመንከሪያው የሚሰጠው 6 ቮልት አካባቢ ነው፤ 6 ቮልት ሰው እንደማይገድልም እናውቃለን። እውነት ነው፣ አይገድልም። ንዝረቱ ግን ከእሱ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ጸናጽል ከመስቀያው ተፈትቶ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። እንደ ሁልጊዜው ጫፉ የታጠፈ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አንሥቼ ልስበው ጎንበስ አልኩ። ሲሚንቶው እርጥብ ነው። የጎማ ቦት ለሁላችን አንድ ጥንድ ነበር፤ ተራው የእኔ አልነበረም፣ ሸራ ጫማ ነው ያደረግኩት። ግራ እጄ የብረት መቆሚያውን ይዟል።

ሽቦው ውሃውን እንደነካ ቀኝ እጄ ጨበጠ። ልልቀቅ እላለሁ፤ አይለቅም። በ50 ኸርዝ የሚመላለስ ኃይል ጡንቻን ያለ ፋታ ያኮማትረዋል፤ ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከሚዘረጉት ስለሚበረቱ እጅ ተቆልፎ ይቀራል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ትንፋሼ ደረቴ ላይ ቀጥ ማለቱን፣ መንጋጋዬ ገጥሞ ድምፅ አልወጣ ማለቱን ነው። ጆሮዬ ይሰማል። የሬክቲፋየሩ ማራገቢያ ይጮሃል፤ አንዱ ባልደረባዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ የመቋሚያ ራስ በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ ያፏጫል። ከእኔ ሁለት እርምጃ አይርቅም፤ ልጠራው ግን አልቻልኩም።

ዞር ሲል አየኝ። ሮጦ ወገቤን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ከበሩ በኩል ጩኸት መጣ፦ "ሂን ቱቂን! እንዳትነካው!" ዘበኛችን ናቸው፤ ኦቦ ነው የምንላቸው። ሻይ ይዘው ሲገቡ ነው ያዩኝ። ብርጭቆውን ጥለው ግድግዳው ላይ ያለውን የዋናውን ማብሪያ እጀታ ወደ ታች መቱት። ሼዱ ጨለመ፤ እኔም ወደ ኋላ ወደቅኩ። ልጁ ነክቶኝ ቢሆን ሁለታችንም እዚያው ተጣብቀን እንቀር ነበር። ኦቦ ይህን ከየት እንደተማሩት ስጠይቃቸው "ከብት በወደቀ ሽቦ ሲሞት አይቻለሁ፤ ሊያነሣው የሄደውም አብሮ ሞተ" አሉኝ።

ሆስፒታል የደነቀኝ፣ ሐኪሙ ቁስሌን ብዙም አለማየቱ ነው። መዳፌ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነጭ ቃጠሎ፣ ተረከዜ ላይ ከእሷ የምታንስ ሌላ አለች፤ በቃ። እሱ ግን ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፎ የልቤን ምት ሲከታተል አደረ። በየጊዜውም "የሽንትህ መልክ ምን ይመስላል?" ይለኛል። ኤሌክትሪክ ውስጥ ለውስጥ የጎዳው ጡንቻ የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ሊደፍን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሽንት ይጠቁራል። የእኔ አልጠቆረም።

ወደ ሥራ ስመለስ ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን አምጥቷል። ጋሼ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት "ኧርዝ የታለ?" ብለው ነው። አልነበረም። ማሞቂያውን አስወጥተው የኢንሱሌሽን መለኪያ በሆነው ሜገር 500 ቮልት ሰጥተው ለኩት። ጤነኛ ማሞቂያ ቢያንስ 1 ሜጋኦም ማሳየት አለበት፤ የእኛው መርፌ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። ጨው የጋገረበትን ጫፍ ሲፍቁት ቀዳዳዎቹ ታዩ።

"ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦን ነው፣ ልጄ። አንተን የሚጠብቅህ ሌላ ነው" አሉ።

ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። እጅ መልቀቅ የሚያቅተው 10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲያልፍበት ነው። ከ30 በላይ ሆኖ ከቆየ ልብ ምቷን ልትስት ትችላለች። ብሬከራችን 32 አምፔር፣ ማለት 32,000 ሚሊ አምፔር ነው፤ በእኔ ውስጥ ያለፈውን ከቁጥርም አይጥፈው። ገንዳው የብረት ሆኖ ከመሬት ጋር የታሰረ ቢሆን ኖሮ ፍሳሹ ገና ማሞቂያው በተበሳ ዕለት መንገድ አግኝቶ ራሱን ያጋልጥ ነበር። ፕላስቲክ ግን መብራት አያሳልፍም። ስለዚህ ውሃው ራሱ ፌዝ ሆኖ መሬት የረገጠ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። እኛ ፕላስቲኩን እንደ ጥበቃ ነበር የምናየው።

አዲሱ ማሞቂያ ሽፋኑ ታይታንየም ነው። ለኒኬል ውሃ ይስማማል። ለሁሉም ግን አይደለም፤ ፍሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ወይም የሞቀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታይታንየምንም ይበላዋል፣ ለዚያ ዓይነቱ ቴፍሎን የለበሰ ይፈለጋል። ጋሼ ፈሳሹን ሳይጠይቅ ማሞቂያ የሚሸጥ ነጋዴ ሲያጋጥማቸው ይናደዱ ነበር። ማሞቂያውን ገንዳው ጎን ላይ፣ ከተኛው ጨው ከፍ አድርገው፣ በአኖዱና በሚነከረው ዕቃ መካከል እንዳይገባ አርቀው አሰሩት። ኧርዙን እስከ ሽፋኑ ድረስ አደረሱት፤ ውጭ ደግሞ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበሩ። ገመዱን ከመግቢያው ዝቅ አድርገው አጠፉት፣ እንፋሎቱ ጠብ ሲል ወደ ሳጥኑ እንዳይወርድ። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ገባ።

ከዚያ ተንሳፋፊውን ገጠሙ፤ ውሃው ሲጎድል ማሞቂያውን ያጠፋል። ባለቤቱ ይህንን ትርፍ ወጪ ነው ብሎ ተከራከረ። ጋሼ ግን አልተበገሩም። ውሃ ተንኖ የተራቆተ ማሞቂያ የፕላስቲክ ገንዳ ማቀጣጠሉ በየአገሩ የመንከሪያ ቤቶችን ካቃጠሉ ምክንያቶች አንዱ ነው። እኛ ዘንድ ይብሳል፤ ማታ መብራት ይሄዳል፣ ሰው ማብሪያውን ሳይነካ ወደ ቤቱ ይገባል፣ መብራቱ ሌሊት ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ካልተጫነው በራሱ የማይነሣ ኮንታክተር ጨመሩበት።

ባለቤቱ ማሳከሚያዬን ከፍሏል፤ በዚህ አላማውም። ቦት ግን እኔ ተጎድቼ ነው ለየሰዉ የተገዛው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ መስጠትንና አደጋ ሲደርስ ማሳወቅን የአሠሪ ግዴታ አድርጎታል፤ በእኛ ሼድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ግን የኳስ ቡድን ፖስተር ነበር።

አሁን ሰበታ ሌላ ቤት ገንዳ ተረክቤ እሠራለሁ። ሰኞ ሰኞ ማሞቂያውን ከማስነሣቴ በፊት በኧርዝ ሊኬጁ ላይ ያለችውን የመፈተሻ ቁልፍ እጫናለሁ፤ ቀጭ ብሎ መውረድ አለበት። አንድ ሰኞ ተጫንኩት፣ አልወረደም። አዲስ ከመርካቶ እስኪመጣ ገንዳውን አላስነሣም አልኩ። የደንበኛ ዕቃ ዘገየ፤ ባለቤቱ በሠራተኛ ፊት ጮኸብኝ። ቆሜ ሰማሁት፤ ገንዳውን ግን ያስነሣሁት ማክሰኞ ነው።