የተበየደው ባሌስትራ

የአንድ ላንድክሩዘር የኋላ ባሌስትራ ተሰብሮ መጥቶልኝ፣ መቀየር ሲገባኝ በየድኩት። ብየዳው እንደማይይዝ አውቅ ነበር። ጥቁር ቀለም ቀባሁበት። ባለመኪናው ተቀይሯል ብለው ከፍለውኝ ሄዱ፤ እኔም አላረምኳቸውም። ይህን ያስቀደምኩት፣ ነገሩን ለራሴ ሳስታውሰው ሁልጊዜ ከዝገቱና ከመንገዱ ጀምሬ ራሴን መጨረሻ ላይ ስለማመጣ ነው። ዝገቱም መንገዱም እውነት ናቸው። የበየድኩት ግን እኔ ነኝ።

የምሠራው ወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና ነው። ኦቶና ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሚሲዮናውያን ጣቢያ ያደረጉት ስፍራ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኗል። ከኪንዶ ኮይሻ፣ ከዳውሮ፣ ከጎፋ ሕመምተኛ ይዘው የሚመጡ መኪኖች በአካባቢያችን ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ሕመምተኛውን አውርደው ወደኛ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ለብዙ ሰው የማይቀመስ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን እየጠገኑ መኖር ነው። ይህን የምለው ሰው በኛ እጅ ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ ለመናገር እንጂ ለራሴ ምክንያት ለመፈለግ አይደለም። ምናልባት ትንሽ ለምክንያትም ሊሆን ይችላል።

መኪናዋ ሀርድቶፕ ከምንላቸው ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ፋብሪካው የፊታቸውን ባሌስትራ በሞላ ሳይቀይረው በፊት ከተሠሩት ስለሆነች አራቱም ጎማ የተቀመጠው በባሌስትራ ላይ ነው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሰፈራቸው ሰው ሲታመም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከነዳጅ ሌላ ብዙም አይቀበሉም።

የመጡት ጊፋታ ሊደርስ ሲል ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ ያን ሰሞን ከተማ ያለ ሁሉ ወደ ገጠር ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፣ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ይፈልጋል። ጋራዣችን ግቢው ሞልቶ ነበር። እሳቸው ገቡና በግራ በኩል ወደ ኋላ አጋድላለች አሉኝ። ገና ወደ ሥሯ ሳልገባ፣ ሹፌሮች በቆሙበት፣ «ለጊፋታ ይነዷታል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ክሪክ አስገብቼ ጎማውን ካወጣሁ በኋላ ያየሁት ከገመትኩት የባሰ ነበር። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ ዝርግ ብረቶች ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ረጅሙ ብረት ጫፉ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱ ውስጥ ጎሚኒ ይገባል፣ በጎሚኒው ውስጥ ፒን ያልፋል፣ ፒኑ ደግሞ ከቻሲሱ ማንጠልጠያ ጋር ይታሰራል። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ በብረቶቹ መሃል ገብቶ እዚያው ደርቋል። በሽቦ ብሩሽ ስፈቀው ዝገቱ እየተላጠ በእጄ ላይ ይረግፋል። ጎሚኒው አልቆ ፒኑና የውስጡ ብረት አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ረጅሙ ብረት ከፊተኛው ቀለበት ጥቂት ራቅ ብሎ ለሁለት ተሰብሯል። ማንጠልጠያው ራሱ ሥሩ ላይ ተበልቶ ሳስቷል።

መደረግ የነበረበትን ዛሬ የተማርኩት አይደለም። ፒኑ ላይ ናፍጣና ዘይት አፍስሶ ማሳደር፣ እምቢ ካለ ማጋል፣ ካልሆነም በግራይንደር ቆርጦ ማውጣት። ማንጠልጠያውን መቀየር። ባሌስትራውን ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ማስመጣት፤ ለግራው ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም ወገን፣ ምክንያቱም አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች። አክሰሉን የሚያቅፉትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች በአዲስ መተካት፣ አንዴ የተሳቡትን መልሶ አለማሰር። የፒኑን ቡሎን መጨረሻ ላይ፣ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ከቆመች በኋላ ማጥበቅ፤ ተሰቅላ ሳለች ከተጠበቀ ጎሚኒው ተጣሞ ይታሰርና ቶሎ ይቀደዳል። ይህን ሁሉ ለልጆች አስተምራለሁ። ከበዓሉ በፊት ግን አይደርስም ነበር።

ስለዚህ በየድኩት። የባሌስትራ ብረት ተራ ብረት አይደለም። ካርቦኑ ከፍ ያለ ነው፤ ግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ሞቆ የተገራ ነው። እየታጠፈ የሚመለሰው በዚያ ነው። የብየዳ እሳት በነካው ቦታ ያ ሁሉ ድካም ይጠፋል፣ ከብየዳው ጎን ያለችው ጠባብ መስመር እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ትሆናለች። ላዩ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል። ረዳቴ ኤሌክትሮዱን እያቀበለኝ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባሌስትራ ነው፤ ብየዳ አይይዝም» አለኝ። አዲስ አበባ ሊስትሮ ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ፣ ሥራውን ከልቡ የሚወድ ልጅ ነው። ባሌስትራ እንደማይበየድ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። «ዝም ብለህ ያዝ» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ያየውን ጉድለት አይነግረኝም ነበር፤ እስክጠይቀው ይጠብቃል። ይህንንም እኔ ነኝ ያመጣሁት።

ለምን እንዳደረግኩት ብዙ አስቤበታለሁ። ለገንዘብ ነው ብል ይቀለኛል፣ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። የባሌስትራ ዋጋ እንዳልተቀበልኳቸው ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ፤ እውነት ነው፣ አልተቀበልኩም። የተቀበልኩት ግን ብየዳ ብቻ ከሚያስከፍለው በላይ ነበር፣ እሳቸውም ያለ ክርክር የሰጡኝ ዕቃ የተገዛ መስሏቸው ነው። እንግዲህ ገንዘቡም አለበት። ከገንዘቡ በላይ ግን ስሜ ነበር። በሰፈሩ «እሱ አይቻልም አይልም» ይሉኛል፤ ያንን ስም ወድጄው ነበር። ስልክ ደውዬ «ጋሼ፣ አልደረሰም፣ በሌላ መኪና ይሂዱ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቅር ይላቸው ነበር እንጂ አይቆጡም። አንድ ሽማግሌ ቅር እንዳይሰኙብኝ ብዬ፣ ይልቁንም እነዚያ ሹፌሮች ስችል እንጂ ሲያቅተኝ እንዳያዩኝ ብዬ፣ ሰው የሚጫንበትን ነገር በማይይዝ ብየዳ አሰርኩ። ለበዓሉ ብቻ ትያዝ፣ ከበዓሉ በኋላ ጠርቼ እቀይርላቸዋለሁ ብዬም አስቤ ነበር። በዓሉ አለፈ፣ አልጠራኋቸውም። ሳያቸው መኪናዋ ደህና ነች፣ ደህና ከሆነች ደግሞ ምን ብዬ እጠራቸዋለሁ? እየቆየ ሲሄድ የሠራሁት ሥራ ትክክል የነበረ እየመሰለኝ መጣ።

ባሌስትራው የተሰበረው ወደ በሌ በሚወስደው በኩል፣ ወደ ገጠር በሚታጠፍ የጠጠር መንገድ፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ፊተኛው ቀለበት አክሰሉን በቦታው የሚይዘው እሱ ነውና፣ ሲለቅ የግራው የኋላ ጎማ ወደ ኋላ ሸሸ፣ መኪናዋም መሪውን አልሰማ ብላ ቦይ ውስጥ ገባች። ከተሳፈሩት አንዲት እናት የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ሌሎቹ ተርፈዋል። ያመጧት እዚሁ ኦቶና ነው።

መኪናዋን ለማንሳት ስጠራ ሄድኩ። የተሰበረውን ጫፍ በጨርቅ ጠርጌ አየሁት። ከብየዳው ጎን፣ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። የስብራቱ ፊት ሁለት መልክ ነበረው፤ ከላይ በኩል ጠቁሮ ዝገት የያዘ፣ ከታች በኩል ነጭ፣ እህል እህል የሚል አዲስ ብረት። ይህን ማንበብ ለኛ ለመካኒኮች ከባድ አይደለም። የጠቆረው ክፍል ስንጥቁ ቀደም ብሎ ጀምሮ ሲሰፋ እንደነበር ይናገራል፤ ነጩ በዚያች ቅጽበት የሄደው ነው። እሳቸው እየነዱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሰነጠቅ ኖሯል። እኔም በዚያ ሁሉ ጊዜ በመንገድ ሳገኛቸው ሰላም እላቸው ነበር።

አጠገቤ ቆመው፣ «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው አበዛሁባት» አሉ።

እኔም «አዎ ጋሼ፣ ጭነት አትወድም» አልኳቸው።

አንባቢዬ፣ ብየዳው ጥፋት ነው፤ ግን ብየዳውን ስሠራ ገና የተጎዳ ሰው አልነበረም፣ ራሴንም ማታለል ይቻለኝ ነበር። «አዎ ጋሼ» ስላቸው ግን የተሰበረው ብረት በእጄ ነበር። አስቤ አልተናገርኩትም፤ አስቤ ብሆን ኖሮ አልለውም ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። በቀላሉ ወጣልኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት መልካም መስሎ የሚታይ ነገር ነበር። ለታማሚዋ መድኃኒት የጎደለውን ሸፈንኩ፣ መኪናዋን ያለ ክፍያ ጎትቼ አመጣሁ። ሰው ደግነቴን አወራ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ፤ አንገት መድፋቴ ትሕትና መሰላቸው። የምከፍለው ዕዳ ቢሆንም ስጦታ ብለው ሲጠሩት አላረምኩም። ራሴን በግልጽ ያየሁት በዚያ የጠጠር መንገድ ላይ ይመስለኝ ነበር፣ ግን አይደለም። የሴትዮዋ ባል አንድ ቀን ከገጠር ሙዝና ቅቤ ይዞ ጋራዥ ድረስ መጣ። «እግዜር ይስጥልን፣ ባልደርስበት ነው እንጂ ይሄ አይበቃህም» አለኝ። ቆጮ እንዳያመጣልኝ ሚስቱ እንሰት መፋቅ እንዳልቻለች ነገረኝ። እንሰት መፋቅ የትከሻ ሥራ ነው፤ እሷ ካልፋቀች የሚፍቅላቸው ጎረቤት ነው፣ ጎረቤትም የራሱ አለው። ይህን የነገረኝ ለማማረር አይደለም፤ ይዞት የመጣው ስላነሰበት ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነበር። ቅቤውን ተቀብዬ ቆምኩ። ረዳቴ ከመኪና ሥር ሆኖ ያየኝ ነበር።

በማግሥቱ ለባለመኪናው ነገርኳቸው። የተሰበረውን ብረት ይዤ ሄጄ፣ ብየዳው የቱ ጋ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደተሰበረ፣ በመንገዱ ላይም ምን እንደመለስኩላቸው ተናገርኩ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ «እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ሰው ማሳፈር ፈርቼ መኪናዋን አቁሜያለሁ» አሉ። ይህን አላወቅኩም ነበር። በኔ ውሸት የተነሳ እሳቸው ራሳቸውን ሲከሱ ከርመው፣ ሰፈራቸው የሚደርስለት መኪና አጥቶ ነበር። ሌላ ነገር አልተናገሩኝም፣ እኔም ሌላ ነገር እንዲሉኝ አልጠየቅኩም። ለሴትዮዋና ለባሏ አብረን ሄደን ነገርናቸው። ባልየው ወደ ውጭ ወጣ። እሷ «ታዲያ አሁን ተሠራች?» ብላ ስለ መኪናዋ ጠየቀችኝ።

ለረዳቴም «ትክክል ነበርክ» አልኩት። «አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለኝ።

ባሌስትራው በሁለቱም ወገን ተቀይሯል፣ ወጪው የኔ ነው። እሱ ቀላሉ ነበር። ያልቀለለኝ፣ ያቺ መኪና የመጀመሪያዋ አለመሆኗ ነው። ከዚያ በፊትም ባሌስትራ በይጄ፣ የሳሳ ማንጠልጠያ ላይ ላሜራ ለጥፌ ጥቁር ቀለም የቀባሁባቸው ነበሩ። ያስታወስኳቸውን ደውዬ እየጠራሁ ነው። አንዳንዶቹ መጥተዋል። አንዳንዶቹ ተሸጠው ከእጅ ወደ እጅ አልፈዋል፣ የት እንደሚሠሩ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሶዶ ውስጥ ወይም በዙሪያው በአሮጌ ላንድክሩዘር ሰው የምታመላልሱ ካላችሁ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ተንበርክካችሁ የባሌስትራውን ረጅም ብረት ከፊተኛው ቀለበት ጀምሮ እዩት። ሌላው ሁሉ ዝጎ እዚያ ብቻ ቀለም ካለ፣ በቢላ ፋቁት። ከሥሩ የብየዳ እብጠት ካገኛችሁ ሰው አትጫኑባት፣ ባዶዋንም ቢሆን ወደ ቁልቁለት አትውሰዷት። ወደኔ ብታመጧት አልከፍል አልልም፤ ወደኔ ማምጣት ካልፈለጋችሁም ወደ ሌላ ጋራዥ ውሰዷት።