የትእዛዝ ቃል

«የጦር መመሪያ መጽሐፍ ለሲቪል ሠራተኛ ምን ያደርግለታል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን ሐረር ላይ በጸሐፊነት ስሠራ ከአንድ ጡረተኛ መኮንን ተውሼ ያነበብሁት የአዛዦችና የመምሪያ መኮንኖች መመሪያ ብዙ አስተምሮኛል። ሰውዬው ከጀጎል ግንብ ውጭ በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ በአብዮቱ ዘመን በተዘጋው የሐረር ጦር አካዳሚ ከህንድ መኮንኖች እግር ሥር የተማሩ ናቸው።

የጦር ትእዛዝ አምስት ክፍል አለው፤ ይኸውም ሁኔታ፣ ግዳጅ፣ አፈጻጸም፣ ስንቅና ትጥቅ፣ አመራርና መገናኛ ነው። ግዳጁ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እንደሚሠራ ይናገራል። ከሁሉም «ለምን» የሚለው ይበልጣል፤ አዛዡ ቢወድቅ ምክትሉ ዓላማውን ይዞ ይቀጥላልና።

በእኛ መሥሪያ ቤት ግን «ተገቢው ይፈጸም» የምትል አንዲት መስመር የአንዲት ባልቴት የጡረታ ፋይል ሦስት ወር ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ስታንከራትት አይቻለሁ። ተገቢው ምንድን ነው? ፈጻሚውስ ማን ነው? ሁሉም ፈረመበት፤ የሠራው ግን አልተገኘም።

ጥይት ፊት ለሚቆም ወታደር ግልጽ ቃል ከተገባው፣ የዕለት እንጀራዋን ለምትጠብቅ ባልቴትም ይገባታል። ወጣቱ ወንድሜ፣ እኅቴም ሆይ፣ ነገ ፊርማችሁ ትእዛዝ ይሆናልና ከመፈረማችሁ በፊት ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ለምን እንደሚሠራ ጻፉ።