አፍ የሌለው ውሻ

ግሮሚትን ታውቁታላችሁ? የእንግሊዛዊው የኒክ ፓርክ የፕላስቲሲን ውሻ ነው። አፍ የለውም፤ አይናገርም፣ ፈገግ እንኳ አይልም። ግን ጌታው ዋላስ ሌላ ጣጣ የሚያመጣ መሣሪያ ሠርቶ ሲኩራራ፣ ግሮሚት ግንባሩን ዝቅ ያደርግና ቀስ ብሎ ወደኛ ይዞራል። በቃ፣ ምን እያሰበ እንደሆነ ገባን። በየፊልሙ እያለቀሱ የሚጮኹ ስንት ተዋንያን ይህን ያጡታል!

መጀመሪያ ላይማ አፍም ድምፅም ሊኖረው ታስቦ ነበር። ፓርክ የግሮሚትን ፊልም «ኤ ግራንድ ደይ አውት»ን ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1982 ጀምሮ የጨረሰው በ1989 ነው። ሲሠራው ታዲያ ያቺን ግንባር ነካ ማድረግ ብቻ እንደሚበቃ አየ፤ አፉም ቀረ።

ግሮሚት በሚንቀሳቀስበት ዘዴ፣ በስቶፕ ሞሽን፣ አሻንጉሊቱን ትንሽ ይገፉታል፣ ፎቶ ያነሡታል፣ ደግሞ ይገፉታል። ለአንድ ሰከንድ 24 ፎቶ ነው፤ ብዙዎች ግን አንዱን አቋም ሁለቴ እያነሡ በ12 ይገላገላሉ። የዚሁ ዘዴ ባለሙያ ሬይ ሃሪሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው «ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎናውትስ» ሰባት አፅሞችን ከሰዎች ጋር በሰይፍ ለማፋለም ከአራት ወር በላይ ፈጅቶበታል። ትዕይንቱ የጥቂት ደቂቃ ነው። አዬ ትዕግሥት!

የኪንግ ኮንግ ነገር ደግሞ ያስቃል። እ.ኤ.አ. የ1933ቱ ፊልም ግዙፍ ጎሪላ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሜትር የማይሞላ አሻንጉሊት ነበር፤ የለበሰውም የጥንቸል ፀጉር። የአንቀሳቃሹ የዊሊስ ኦብራያን ጣት በነካው ቁጥር ፀጉሩ ስለሚዛባ ሲታይ ይርገበገባል። በሙያው ዓይን ጉድለት ነው፤ ለተመልካች ግን የኮንግ ፀጉር በንዴት የቆመ መሰለው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ያችን የግሮሚትን ዞር ማለት ነው። አሻንጉሊት ዝም ብሎ ቢወራጭ ማሽን ነው። እጁን ወደ ኩባያ ከመዘርጋቱ በፊት ኩባያውን አይቶ ቢቆም ግን ኩባያውን የፈለገ ይመስለናል። ማመንታቱን ካየን ሐሳቡን ራሳችን እንሞላለታለን።

በእጅ የምትንቀሳቀሰው የኛዋ ቀጭኔ ፀሐይም፣ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጆቻችንን በቴሌቪዥን ስታስተምር የኖረችው፣ ዓይኗ አይንከባለልም። የሚያያትን ሕፃን የምታየው ከውስጧ ያለው እጅ አንገቷን ሲያዘነብል ነው። ከልጆቻችሁ ጋር ስታዩዋት አፏን ተዉትና ከመናገሯ በፊት ወዴት እንደምትዞር ተከታተሉ። ልጆቹ «ዝም በሉ» ካሏችሁ ግን እኔ የለሁበትም።