ሆድ በዛንዚባር

ዛንዚባር ድረስ ሄዶ ሆቴሉ ውስጥ ብቻ በልቶ የሚመለስ ሰው ይገርመኛል። ባሕሩን ለማየት ከፍሏል፤ ከዚያው ባሕር ለወጣ ዓሣ ደግሞ እንደገና ይከፍላል! ወዳጄ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ስቶን ታውን ውስጥ ወዳለው የፎሮዳኒ መናፈሻ ውረድ። ጥብሱ፣ ጭሱ፣ የሸንኮራ ጭማቂው ሁሉ እዚያ ነው። «የዛንዚባር ፒዛ» የሚሉትም አለ፤ (ፒዛነቱን ተወው) ሥጋና እንቁላል ታጭቆበት ምጣድ ላይ የተጠበሰ ስስ ሊጥ ነው። ዋጋ በሽልንግ ሳትነጋገር ግን እጅህን አትዘርጋ። በእንጨት የተሰካው ዓሣም ለዓይን ስላማረ ብቻ ትኩስ ነው ማለት አይደለም።

እኔን ካልክ፣ ከሁሉም ኡሮጆን አስበልጣለሁ። እርድ ቢጫ ያደረገው፣ ማንጎ ያኮመጠጠው መረቅ ነው፤ ድንች፣ ባጂያ የሚሉት የጥራጥሬ ጥብስና የካሳቫ ጥብስ ይገባበታል። ቱሪስት አልፎት ይሄዳል፤ የአገሬው ሰው ግን ይሻማበታል።

ጾመኛ ከሆንክም አትስጋ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ አለልህ፣ ከሩዝ ጋር ይጣፍጣል። በረመዳን ከሄድክ ግን ቀን ቀን አብዛኛው ምግብ ቤት ዝግ ነውና ምሽቱን ጠብቅ።